ሳይጠየቁ የሚሾሙበት ሹመት

(ደሴ ላይ ለአዛውንቶችና ለልጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች። ወጣቶችም መጥታችኋል። ከኋላ አትቁሙ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ።

ዛሬ የማወራው ስለ አያትነት ነው። ስለ ደስታው አይደለም፤ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። የልጅ ልጅ ከልጅ ይበልጣል ስትሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ጡረታ፣ የትዳር ጓደኛ ሞት፣ የልጅ ስደት፣ መፈናቀል ሲመጣ አያት ቤት ውስጥ ያለው ቦታ ምን ይሆናል? እሱስ ራሱን ማን ነኝ ይላል?

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። አያት ሁለት ነገር አለው። አንዱ ሥራ ነው። ልጅ ያዝላል፣ እሳት ያነዳል፣ ከብት ያያል፣ ገበያ ይወርዳል። ሌላው ቃል ነው። ሲናገር ይሰማል፣ ነገር ሲቆረጥ ይጠየቃል፣ ሲመርቅ አሜን ይባላል። ሁለቱ አብረው ካሉ ሰው ቢያረጅም ማንነቱ አይጠፋውም። ችግር የሚመጣው ሲለያዩ ነው። ሥራው እናንተ ጫንቃ ላይ ቀርቶ ቃሉ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ወይም ደግሞ "አንቱ አርፉ" ተብሎ ሥራው ሁሉ ይወሰድና ቃሉ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን የቀረ ቃል ደግሞ ብዙ አይቆይም።

ሆልምስ እና ራሂ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 የሕይወት ለውጦችን ነጥብ እየሰጡ ደርድረዋቸው ነበር። 43 ናቸው። ከሁሉ በላይ ያለው የትዳር ጓደኛ ሞት ነው፤ 100 ነጥብ። ጡረታ 45 ነው። ቤተሰብ ላይ ሰው ሲጨመር 39፣ ልጅ ከቤት ሲወጣ 29። ሠንጠረዡ ዛሬም ይጠቀሳል። ግን ወሎ ተቀምጦ ለሚያየው ሰው አንድ መስመር ይጎድለዋል። "ልጅሽ ጅዳ ሄዳለች፣ ሕፃኑን ላንቺ ትታልሻለች" የሚል የለበትም። እሺ፣ 29ን እና 39ን ደምረን 68 እንበል? አይሆንም። ልጅቷ የወጣችውና ሕፃኑ የገባው በአንድ ሌሊት ነው። በአንድ ፊት ለልጅቷ እያለቀሱ ለሕፃኑ መሣቅ ነጥብ አይወጣለትም።

ሌላም ጥናት አለ። ኑጋርተን እና ዋይንስታይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ውስጥ 70 ባልና ሚስት አያቶችን አነጋግረው አያትነትን በአምስት ከፈሉት። ደንቡን የሚጠብቅ አያት፣ ተጫዋች አያት፣ እንደ ወላጅ የሚያሳድግ አያት፣ የቤተሰቡን ዕውቀት የሚያወርስ አያት፣ እና ለበዓል ብቻ ብቅ የሚል ሩቅ አያት። ጥሩ አከፋፈል ነው። የወሎ ሴት አያት ግን እስከ ረፋድ ድረስ አራቱን ታዳርሳለች። አምስተኛውን የሚያመጣው የአዲስ አበባ መንገድ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን የዛሬ አያቶች እነማን እንደሆኑ እናስታውስ። ወጣቶቹ ይህን አታስቡትም ብዬ ነው። ዛሬ 65 ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰዎች በ1966ቱ ረሃብ ልጆች ነበሩ። በ1977ቱ ደግሞ ገና ትዳር የያዙ፣ አንድ ሁለት ልጅ የወለዱ ነበሩ። ረሃብ ቀድሞ የሚወስደው ሕፃንና አዛውንት ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የራሳቸውን አያት ሲያረጅ አላዩም። ሌሎች ደግሞ በሰፈራ ሄዱ። በ1977 እና 1978 በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲወሰድ ትልቁ ድርሻ የወሎ ነበር። መተከል የሄደ አለ፣ ኢሉባቦር የሄደ አለ። አያት አገር ቤት፣ የልጅ ልጅ ጋምቤላ። "አያትነትን ከማን ተማራችሁ?" ብዬ ስጠይቅ "ከማንም" የሚል መልስ የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል። ቀድሞ ያልታየ ነገር ነው የምትሠሩት።

አሁን ወደ ስደቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር አያትነትን የዚህን ያህል የቀየረ ነገር አላውቅም።

ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከሐብሩ፣ ከወረባቦ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ሲሄዱ የኖረበት ዘመን ረጅም ነው። በኤጀንሲ የሄደች አለች። በደላላ፣ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ አድርጋ ባሕር የተሻገረች አለች። አንዳንዶቹ ወልደው ነው የሚሄዱት። ልጁ የት ይቀራል? እናት ቤት። ማንም ተሰብስቦ አልተማከረም። "እማዋ፣ ሁለት ዓመት ብቻ" ይባላል። ሁለቱ ዓመት ስድስት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሥራና ቃል እንዴት እንደሚለያዩ ተመልከቱ። ሌሊት ትኩሳቱን የምትነካው አያት ናት። ሽሮውን የምትፈጨው፣ ልብሱን የምታጥበው፣ ከልጆች ጠብ የምትገላግለው አያት ናት። ውሳኔው ግን በስልክ፣ በኢሞ ይመጣል። "ጠጉሩን አስቆርጪው።" "ያንን ትምህርት ቤት ቀይሪለት።" "ለምን ከሳ?" ብሩም ብዙ ጊዜ የሚገባው በወንድም ወይም በአጎት ስም ነው። እሷ ባንክ ደብተር የላትም፣ ወይም ፊርማ አትችልም ተብሏል። ዘይት ሲያልቅ ልጇን፣ የልጅ ልጇን አጎት፣ ትጠይቃለች። ሃምሳ ዓመት ቤት ያስተዳደረች ሴት የዘይት ብር ትለምናለች።

አንዲት እናት ይህን ሲያስረዱኝ ከኔ የተሻለ አሉት። ስማቸውን አልጠራም። "ስወልድ እናት ነበርኩ፣ ሲያገባ አማት ሆንኩ፣ አሁን የቤት ሠራተኛ ሆኛለሁ፤ ልዩነቱ ደሞዙ ለሌላ ሰው ነው የሚላከው" አሉኝ። ሣቁ ደግሞ።

ትምህርት ቤትም አለ። "ወላጅህን አምጣ" ሲባል የምትሄደው እሷ ናት፤ ወረቀት ሲሞላ ግን "እናት የት አለች?" ይባላል። የቤተሰብ ሕጋችን አባትና እናት ሲሞቱ፣ በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከሌለ፣ ሞግዚትነቱን መጀመሪያ ለአያቶች ይሰጣል። እናት በሕይወት ኖራ ሪያድ ስትሆንስ? ያኔ የሚያዋጣው ውክልና ነው። ልጅቷ ባለችበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ ውክልና ትሰጣለች፤ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ይህን የምናገረው ለወረቀቱ ብቻ ብዬ አይደለም። አንዲት አያት ያ ወረቀት ከደረሳት በኋላ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትቆም አቋቋሟ ይለያል። "ሰው ልኮኝ ነው" ከማለት "የማሳድገው እኔ ነኝ" ወደ ማለት ትሻገራለች።

ደግሞ መመለስ አለ። በ2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ከእነሱ መሐል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። እናት ቤቷ ትገባለች። ልጁ ከአያቱ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ያያታል። አያቱን "እማ" ይላል፤ እናቱን በስሟ ይጠራታል። ሁሉም ለእናትየው ያዝናል፤ ልክ ነው፣ ያሳዝናል። ለአያትየው የሚያዝን ግን ብዙ አላየሁም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ ተነሥቶ ኮምቦልቻ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። አያት በአንድ ቀን እናትነቷን አስረከበች። ለቅሶ አይቀመጡላትም፣ "እንኳን ደስ ያለሽ፣ አረፍሽ" ነው የሚሏት። ሦስት ልጅ አሳድጋ አራተኛውን ያጣች ሴት ናት እኮ። እንዲህ ያለ ሐዘን ስም ስላልወጣለት ብቻ የለም ማለት አይደለም።

ወደ አባቶች ልምጣ፣ ተኮራፍታችኋል።

ደሞዝተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ገበሬ ጡረታ የለውም። የሱ ጡረታ እርፉን ለልጁ ያስጨበጠ ዕለት ነው። ሁለቱ የተለያየ ችግር አላቸው።

ደሞዝተኛው በድንገት ቤት ይውላል። ሠላሳ ዓመት ጠዋት ወጥቶ ማታ የገባበት ቤት ቀን ቀን የማን እንደሆነ ያኔ ይገባዋል። ጓዳው የሚስቱ ነው፣ ጎረቤቱ የሚስቱ ነው፣ ቡናው የሚስቱ ነው። ሦስት ቀን ቶናውን ጠብቆ ይጠጣል፤ በአራተኛው ቀን "ዛሬ አትወጣም እንዴ?" ይባላል። ታዲያ ብዙዎቹን ያዳናቸው የልጅ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ደሴ ላይ ተመልከቱ። ቦርሳ በአንድ ትከሻ፣ የሕፃን እጅ በሌላ እጅ ይዘው ዳገቱን የሚወጡ ኮፍያ ያደረጉ አባቶች ብዙ ናቸው። የገዛ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው አያውቁም። የገዛ ልጆቻቸውን አቅፈው ሰው ፊት መታየትም ያፍሩ ነበር። አሁን የልጁን ንፍጥ በመሐረብ ሲጠርጉ ማንንም አያፍሩም። ልጆቻቸው ይህን ሲያዩ ትንሽ ይቀናሉ፤ አንድ ጎልማሳ "እኔንም እንዲህ ቢያደርገኝ ምን ነበረበት" ብሎኛል። አባትየውን አትፍረዱበት። ያኔ ደሞዝ ማምጣት ነበር አባትነቱ። ያ ሲወሰድበት ነው ሌላው የታየው።

ገበሬው ግን መሬት አለው። መሬት ያለው አዛውንት ቃሉ ይሰማል፤ ልንገራችሁ፣ ፍቅር ብቻ አይደለም። ልጆች ብዙ ናቸው፣ መሬት ጥቂት ነው። በክልላችን በ1989 የተደለደለው መሬት ላይ ያኔ ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ሦስት ልጅ አለው። ስለዚህ አባቱን ያያል። አባት ከፍሎ ቢሰጥ ልጁ ቤት ይሠራል። ሁሉን ቢሰጥ ግን እሱ ማን ይሆናል? መሬታቸውን ቀድመው አስረክበው በኋላ የልጃቸው ሚስት እንጀራ ስታቀርብ ዓይናቸው መሬት መሬት የሚያይ አባቶችን አውቃለሁ። አንዳንዱ ልጅ ደግ ነው። ደግነት ግን በቂ ዋስትና አይደለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ትንሽም ቢሆን በስማችሁ ይቆይ።

ባል የሞተባት ሴት ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ አገር ሴት በበሬ አታርስም። ባል ሲሞት መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ምርቱ ይካፈላል። የልጅ ልጁ ጎረምሳ ሆኖ እርፍ የጨበጠ ዕለት ለእሷ ትልቅ ቀን ነው። መሬቷ ከሰው እጅ ወደ ቤቷ ተመለሰ። እሷም ምርት ሲገባ እንደገና አዛዥ ናት።

ሚስት የሞተችበት ወንድ ጉዳይ አጭር ነው። ቶሎ ያገባል፣ ወይም ቶሎ ያረጃል። ቡና ማፍላት የማይችል ሰው እንግዳ መጥራት አይችልም፤ እንግዳ ያልጠራ ሰው ቀስ በቀስ ይረሳል። (ሴቶቹ ሣቁ።) ሣቁ፣ እውነት ነው።

ሴቶች ሲያረጁ በወሎ አንድ የሚያገኙት ነገር አለ። ሴት ምጥ ሲይዛት፣ ችግር ሲመጣ፣ ዱበርቲ የሚባሉት የጸሎት ሴቶች ተጠርተው ዱአ ያደርጋሉ። እዚያ መሪዋ ወጣት ቆንጆ አይደለችም፣ ሀብታምም ላትሆን ትችላለች። ዕድሜዋ ነው ሹመቷ። ቤቷ የዘይት ብር የምትለምን ሴት እዚያ ስትመርቅ ጎረቤቱ በሙሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ይላል። ወንዱም እንደዚያው፤ ደም ለማድረቅ አበጋር፣ አስታራቂው ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ፣ ቅሬ፣ እድራችን ማለት ነው፣ ሲመክር ቃሉ አለ። ስለዚህ ልጆች፣ "እናቴ ደክሟታል፣ አትሂጂ" ስትሉ ተጠንቀቁ። የምታሳርፏት መስሏችሁ ቃሏ ያለባትን አንዷን ቦታ እየወሰዳችሁባት ሊሆን ይችላል።

ወሎ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልነካ አላልፍም። ብዙ ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ አያት አላቸው። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ የምታስቀምጥ አያት አለች። ለፋሲካ የሚመጡትንም ለዒድ የሚመጡትንም ለይታ ታበላለች፣ አንዱ ከሌላው እንዳይቀየም። ይህ ሥራ ማንም ያልሾማት ሥራ ነው። እሷ ስትሞት ወይም ልጇ አዲስ አበባ ሲወስዳት፣ የአጎት ልጆቹ ለቅሶ ላይ ብቻ የሚተያዩ ይሆናሉ።

አዲስ አበባ ካልን እዚያው እንጨርሰው። ሞግዚት ወጣች ይባልና "እማማ፣ ልጁን ያዪልኝ" ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ጉልበት ያማል፣ ደረጃ ነው። በር ይዘጋል። ልጇና ምራቷ ሥራ ይውላሉ። ቡና አፍልታ የምትጠራው ጎረቤት በስሟ አያውቃትም። ልጁ ቴሌቪዥን ያያል። ማታ ምራት ትገባና "ብዙ ስኳር አትስጪው" ትላለች። ሥራው አለ፣ ቃሉ የለም፣ ቅሬው የለም፣ ዱበርቲው የለም። ከሦስት ወር በኋላ "እናቴ ተለወጠች፣ ዝም አለች" ብለው ሐኪም ቤት ያዞሯታል። ሐኪሙ ደም ግፊት ይለካል። ከፈራችሁ ሐኪም አሳዩ፣ አትተዉ። ግን ሁለት ሳምንትም ቢሆን አገር ቤት ሰዳችሁ እዩ። እሷ አዲስ አበባ ስትገባ ደግሞ የአገር ቤቶቹ የልጅ ልጆች እሷን በበዓል ብቻ የሚያዩ ሆኑ። ያ አምስተኛው፣ ሩቁ አያት ያልኳችሁ ይኸው ነው።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አልልም። በ2014 እዚሁ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ወጣቱ ሲወጣ ብዙ ቤት አዛውንቱ ቤት ጠባቂ ሆኖ ቀረ። "እኔን ምን ያደርጉኛል" ብሎ። አንዳንዱ ልጅ አሁን ድረስ በዚያ ይጸጸታል፤ አንዳንዱ አዛውንት ደግሞ በዚያ ይኮራል። ሁለቱ ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም። ተነጋገሩበት።

የሚመለስ ነገርም አለ። ዓይን ለምሳሌ። ሞራ የያዘው አባት በልጅ እጅ እየተመራ ሲሄድ ሁሉም "አረጀ" ብሎ ይተወዋል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ ሩቅ አይደለም። ሞራው ተገፎ ማየት የጀመረ ሰው ገበያ ይወርዳል፣ ብር ቆጥሮ ይቀበላል፣ ልጁን እሱ ይመራዋል። እርጅና ያልነውን ሁሉ እርጅና አናድርገው።

ሴፍቲኔት፣ ምግብ ለሚያጥረው ቤተሰብ የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ ያላችሁም አላችሁ። ጉልበት ያለው ሕዝባዊ ሥራ ይሠራል፣ የሌለው ቀጥተኛ ድጋፍ ይወስዳል። አንድ አባት ወደ ሁለተኛው መዝገብ ሲዛወሩ ደስ አላላቸውም። ስንዴው ያው ነው። "ከሰው መዝገብ አወጡኝ" ነው ያሉት። ጸሐፊው ሲያዛውር ሁለት ቃል ቢያናግራቸው ኖሮ እላለሁ።

እንግዲህ ልጆች ምን አድርጉ ነው የምለው? ስልክ ስትደውሉ መጀመሪያ ከእናታችሁ ጋር አውሩ፣ ከዚያ ከልጃችሁ። "ምን ላድርግለት?" ብላችሁ ጠይቋት፣ "እንዲህ አድርጊለት" ሳትሉ። ብሩን በእሷ ስም ላኩ። ፊርማ የማይችል ሰው አሻራ አለው። ልጁን ስትወስዱ አንድ ክረምት ቀድማችሁ ንገሯት።

ጥያቄ ሰዓት ላይ አንዲት እናት ተነሡ። "ልጄ ከቤሩት መጥታለች፣ ልጁን ይዛው አዲስ አበባ ልትገባ ነው። ምን ልበላት?" አሉ። ክረምት ክረምት ከእኔ ጋር ይሁን በሏት፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ አልኳቸው። "ክረምቱን ከሰጠችኝ በጋውን እታገሣለሁ" አሉና ተቀመጡ።

ቀጥሎ አንድ አባት። "ልጄ ቅሬው ውስጥ እኔ ልተካህ ይለኛል፣ መዋጮውን እሱ ስለሚከፍል። ልልቀቅለት ወይ?" አትልቀቁ፣ ሁለታችሁም ተመዝገቡ፤ እሱ ጉድጓድ ይቆፍር፣ ድንኳን ይትከል፣ እርስዎ ይምከሩ አልኩ። ከመሐል የቅሬ ዳኛ እጃቸውን አወጡ። "በሁለት ስም ከሆነ ሁለት መዋጮ ነው" አሉ። አዳራሹ በሣቅ ፈነዳ። አባትየው "ልጄ ይከፍላል ብያለሁ እኮ" አሉ። ዳኛው "እሱን ጠርተን እንጠይቀዋለን፣ እርስዎን ብቻ አንሰማም" አሉ። ክርክሩ እዚያ አላለቀም፤ በር ላይም ቀጠለ።